«እምቢ» ለማለት የማይችል ሰው ይመካከራልን?

«ምክክር» ተቃዋሚ የሌለው ቃል ነው። መንግሥታት ይወዱታል፤ አሠሪዎች ይወዱታል፤ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎችም ሳያነሡት ከመድረክ አይወርዱም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1919 ሲቋቋም (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከሌሎቹ የመንግሥታት ድርጅቶች የለየው፣ አሠሪና ሠራተኛ ከመንግሥት ጋር በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው ይምከሩ የሚለው ደንቡ ነበር። ይሁን እንጂ አንድን ቃል ባላንጣዎች ሁሉ በአንድ አፍ ሲያመሰግኑት፣ አስተዋይ አንባቢ ለአፍታ ቆም ብሎ፣ ቃሉ ሁሉን ያስማማው እውነት ስለ ያዘ ነው ወይስ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ የአሠራር ጥያቄ አይደለም፤ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። በአሠሪ፣ በሠራተኛና በመንግሥት መካከል የሚደረገው ምክክር እንዴት ይሻሻል? ሲባል የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ስለ ስብሰባው ብዛት፣ ስለ ቃለ ጉባኤው አያያዝ፣ ስለ ተወካዮች ሥልጠናና ስለ ኮሚቴዎች አወቃቀር ነው። እነዚህ ከንቱ ናቸው አልልም። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ። በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል «እምቢ» ብሎ ቢነሣ በማግስቱ እንጀራውን፣ ነጻነቱን ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያጣ ሰው አለን? ካለስ፣ የዚያ ሰው «እሺታ» ስምምነት ተብሎ ሊመዘገብ ይገባልን? እኔ አይገባም ባይ ነኝ። እምቢታው የተነፈገ ሰው እሺታውም የራሱ አይደለም፤ ጌታው በእርሱ አፍ ተናገረ ማለት ብቻ ነው።

ይህን ለማለት የግድ የአንድ ርዕዮተ ዓለም ተከታይ መሆን አያሻም። የነጻ ገበያ ወዳጆች እንደ አባት የሚቆጥሩት አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው ሥራው ነገሩን በግልጽ አይቶታል። በደመወዝ ክርክር ጊዜ ባለ ሀብቱ አንድ ሠራተኛ እንኳ ሳይቀጥር ባከማቸው ሀብት አንድና ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ከሠራተኞቹ ግን ብዙዎቹ አንድ ሳምንት፣ ጥቂቶቹም አንድ ወር ቢቆዩ ነው። ውሎ አድሮ ሁለቱም እርስ በርሳቸው እንደሚፈላለጉ ስሚዝ አልካደም፤ ያለው የአንዱ ችግር የዛሬ፣ የሌላው ችግር የነገ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዓይነት ወንበር ቢቀመጡም በአንድ ሰዓት ላይ አልተቀመጡም። የአንዱ ሰዓት ይሮጣል፤ የሌላው ቆሟል። ሊቀ መንበሩ ለሁለቱም አሥር አሥር ደቂቃ ቢሰጥ ይህን ልዩነት አይሽረውም።

የዝምታንም ትርጉም እንመርምር። የፖለቲካ ሳይንስ ሊቁ ጀምስ ስኮት በ1990 ስለ ገዢና ተገዢ ንግግር የጻፈውን መጽሐፍ የከፈተው የኢትዮጵያ ነው ባለው አንድ ተረት ነው። ታላቁ ጌታ በመንገድ ሲያልፍ ብልሁ ገበሬ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል፤ በዚያው ዝቅ ባለበት ድምፅ ሳያሰማ ፈሱን ይለቃል። የመጽሔታችን አንባቢዎች ይቅር ይበሉኝና፣ በዚህች ተረት ውስጥ ያለው የፖለቲካ ትምህርት ከብዙ የጥናት ወረቀት ይበልጣል። ጌታው ያየው አክብሮት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊውም ከጌታው ጎን ቆሞ ከሆነ አክብሮት ብሎ ይጽፋል። «ሠራተኞቻችን ቅሬታ የላቸውም፤ ከእኛ ጋር ያለው ግንኙነት ቤተሰባዊ ነው» የሚል የኩባንያ መግለጫ ባነበብሁ ቁጥር ያ ገበሬ ትዝ ይለኛል።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሲሰሙ፣ ይህ የፈረንጅ ጭቅጭቅ ነው፤ እኛ ሽምግልና አለን፤ ነገርን በዕርቅ እንጂ በአድማ አንፈታም ይላሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ሽምግልና እንዴት እንደሚሠራ በጥንቃቄ ያስተዋለ ሰው የእኔኑ ሐሳብ ያገኝበታል። ሽማግሌ ከግራም ከቀኝም ይመረጣል፤ አንደኛው ወገን ያላመነበት ሽማግሌ ይለወጣል፤ ተበዳይ «አልታረቅም» ካለ ሽማግሌዎቹ ደጅ ይጠናሉ፣ ይማልዳሉ፣ ተመላልሰው ይመጣሉ እንጂ ዕርቁን ራሳቸው አይፈርሙለትም። የሽምግልና ክብር የቆመው ተበዳይ እምቢ ማለት በመቻሉ ላይ ነው። ባላገሩ ከመሬቱ ጌታ ጋር ሲጣላ ግን ሽምግልናው ይጠብና «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ቦታውን ይወስዳል። ሁለቱም የእኛው አባባሎች፣ የእኛው ልማዶች ናቸው። የትኛውን ወደ ፋብሪካው ይዘን እንደምንገባ የምንመርጠው እኛው ነን።

ወደ ጄኔቭ እንመለስ። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉባኤ እያንዳንዱ አገር አራት ተወካዮች ይልካል፤ ሁለቱ የመንግሥት፣ አንዱ የአሠሪዎች፣ አንዱ የሠራተኞች ናቸው። በግንቦት 1944 በፊላዴልፊያ የጸደቀው መግለጫም ሥራ ሸቀጥ አለመሆኑን በመጀመሪያው መርሁ ደንግጓል። እዚያው ቤት ውስጥ ግን ከ2012 ጀምሮ አንድ ከባድ ክርክር ተነሣ። የአሠሪዎች ቡድን፣ የመደራጀት ነጻነትን የሚደነግገው የ1948ቱ ስምምነት ቁጥር 87 ሥራ የማቆም መብትን አይጨምርም፤ ቃሉም በውስጡ አልተጻፈም ሲል የሠራተኞቹ ቡድን ደግሞ፣ ያለ አድማ መብት የመደራጀት መብት ምን ፍሬ አለው? ሲል መለሰ። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ከዘለቀ በኋላ የድርጅቱ የአስተዳደር አካል በኅዳር 2023 ጥያቄውን በሄግ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መራው። የምክክር መዲና በሆነው ቤት እንኳ ምክክሩ ሲንገዋለል ቆይቶ የተሰናከለው «እምቢ» በምትለው ቃል ላይ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ሌላው ሁሉ ሊደራደሩበት የሚቻል ነው፤ ይህች ግን የድርድሩ መሠረት ናት።

ስለ ምክክር የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ስዊድንን ይጠቅሳሉ። በ1938 በሳልትሼባደን ከተማ የአሠሪዎች ማኅበርና የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ግንኙነታቸውን የሚመሩበትን ዋና ስምምነት ፈረሙ፤ ከዚያም ለብዙ ዘመን በሰላማዊነቱ የሚደነቅ የሥራ ግንኙነት ሰፈነ። ብዙ አገሮች ይህን ጠረጴዛ ሊኮርጁ ሞክረዋል። የማይኮርጁት ከጠረጴዛው በፊት የነበረውን ነው። በ1931 በኦዳለን ወታደሮች በሠልፈኞች ላይ ተኩሰው አምስት ሰዎች ገድለዋል፤ ስዊድን በዚያ ዘመን በአድማ ብዛት ከሚታወቁት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ሠራተኛው በማኅበር ተጠርንፎ ነበር፤ ከ1932 ወዲህም ለሠራተኛው የቀረበ ፓርቲ መንግሥት ይዞ ነበር። አሠሪዎቹ ወደ ጠረጴዛው የመጡት ልባቸው ስለ ራራ ሳይሆን፣ ሳይመካከሩ መኖር ከመመካከር ይልቅ ውድ እየሆነባቸው ስለ ሄደ ነው። ይህን ስል የስዊድንን አሠሪዎች ለማሳነስ አይደለም። ደግነት ላይ ያልቆመ ሰላም ደጉ ሰው ሲሞትም አይፈርስም።

የአገራችን ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ብዙ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው በ1923 ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር በሕግ የታወቀው ግን ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት ስምምነት ቁጥር 87ንና ቁጥር 98ን አጸደቀ፤ በተከታዩ ዓመት አዋጅ ቁጥር 210/1956 ወጣ። ላዩን ለተመለከተ ሰው ሁሉ ነገር የተሟላ ነበር፤ ማኅበር አለ፣ አሠሪ አለ፣ የሥራ ግንኙነት ቦርድ አለ። ይሁንና የመንግሥት ሠራተኛውና የቤት ሠራተኛው ከአዋጁ ውጭ ነበሩ፤ ማኅበሩም በመንግሥት ዓይን ሥር ሆኖ ነው እግር መትከል የጀመረው። አሥር ዓመት ሙሉ ምክክር ተብሎ ሲካሄድ ቆየ። ከዚያም የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ኢሠአማ በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ አዲስ የተሾመው የእንዳልካቸው መኮንን ካቢኔም በአራት ቀን ውስጥ ከማኅበሩ ጋር ለመስማማት ተገደደ። በአሥር ዓመት ልመና ያልተሰማ ጥያቄ በአራት ቀን ዝምታ ተሰማ። ያ አድማ የምክክር መፍረስ ምልክት ተደርጎ ሲጻፍ አያለሁ፤ እኔ ግን በዚያች አገር በአሠሪ፣ በሠራተኛና በመንግሥት መካከል የተደረገው የመጀመሪያው እውነተኛ ምክክር እርሱ ነበር እላለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም ከዚህ ጥያቄ አንጻር ዳግመኛ ማስተዋል ይገባል። በሠራተኛው ስም ሥልጣን የያዘው ደርግ የሠራተኛውን እምቢታ ሊታገሥ አልቻለም። በመስከረም 1968 ዓ.ም. የማኅበሩን የአቋም መግለጫ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይበትኑ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሞቱ፤ በዚያው ወር በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ኅዳር ላይ አዋጅ ቁጥር 64/1968 ወጣ፤ ኢሠአማም ፈርሶ በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ። አዲሱ ማኅበር አባላት ነበሩት፣ ጽሕፈት ቤቶች ነበሩት፣ ባንዲራና መዝሙር ነበረው። ያልነበረው አንዲት ቃል ናት። መንግሥት አሠሪም፣ ዳኛም፣ የሠራተኛው ወኪልም ሆኖ ሦስቱንም ወንበር ሲይዝ ስብሰባው እጅግ ሰላማዊ ይሆናል፤ ሰው ከራሱ ጋር አይጣላምና። የሚያሳዝነው ልማዱ ከደርግ ጋር አለመሄዱ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን እንደ ገና የተቋቋመው ኮንፌዴሬሽን የመንግሥትን የመዋቅር ማስተካከያ ፖሊሲ ከነቀፈ በኋላ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ምዝገባው ተሰርዟል። ዘውዱም፣ ኮከቡም፣ ንቡም በየተራ የተመካከሩት እምቢ እስካልተባሉ ድረስ ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ጠረጴዛው አንድ እንደ ሆነ፣ ተቀማጮቹም እንደሚታወቁ አድርጌ ነው። ዘመናችን ያመጣው አዲስ ችግር ግን ይህ ነው፤ ጠረጴዛው ብዙ ሆኗል፤ ወሳኙም ሰው ብዙ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የለም። የሐዋሳውን የኢንዱስትሪ ፓርክ እንውሰድ። በሐምሌ 2016 ሲመረቅ የአገሪቱ አለኝታ ተብሎ ነበር። ባለ ሀብቶቹን በውጭ አገር እየዞረ የጋበዘው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ሠራተኞቹን ከገጠር ቀበሌዎች የመለመለው የክልሉ መስተዳድር ነው፤ የፋብሪካው ባለቤት የእስያ ወይም የሌላ አገር ኩባንያ ነው፤ ልብሱን የሚገዛውና ዋጋውን የሚቆርጠው የአሜሪካና የአውሮፓ የንግድ ምልክት ባለቤት ነው፤ ልብሱ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው አጎዋ በሚባለው ሕግ ነበር። አሁን ከሲዳማ ገጠር የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ደመወዜ አይበቃኝም ብትል ከማን ጋር ትመካከር? ተቆጣጣሪዋ ለሥራ አስኪያጁ፣ ሥራ አስኪያጁ ለባለቤቱ፣ ባለቤቱ ለገዢው፣ ገዢውም «ለገበያው» እያሉ ይመሯታል። ክልሉ ወደ ፌዴራል፣ ፌዴራሉም ወደ ውድድር ያመለክታታል።

የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል በ2019 ባወጣው ጥናት በዚያ ፓርክ የነበረው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በባንግላዴሽ በጊዜው 95 ዶላር ነበር። በጥናቱ ውስጥ ከደመወዙ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከሠራተኞቻቸው ቁጥር ጋር የሚተካከል አዲስ ሠራተኛ ለመቅጠር ይገደዱ ነበር። ልጆቹ ይመጣሉ፣ ጥቂት ወራት ይሠራሉ፣ ይሄዳሉ። በጊዜው አንዳንድ ኃላፊዎች ይህን የኢንዱስትሪ ዲሲፕሊን ማጣት ብለው ተረጎሙት። አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው ታዋቂ ሥራው ያስተማረን ግን ሌላ ነው፤ ሰው ባልተደሰተበት ድርጅት ውስጥ ሁለት መንገድ አለው፤ ድምፁን ማሰማት ወይም ጥሎ መውጣት። ድምፅ ሲዘጋ መውጫው ይሰፋል። እነዚያ ልጆች እምቢ ብለዋል፤ በአፋቸው ስላልተፈቀደላቸው በእግራቸው አሉት። (ሂርሽማን ራሱ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የተሰደደ ሰው ነበር። በየአገሩ ተበትነን ይህን መጽሔት የምናነብ ሰዎች ሐሳቡን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የምንሻ አይመስለኝም።)

ቀጥሎም በኅዳር 2021 ኋይት ሐውስ ኢትዮጵያ በጦርነቱ ምክንያት ከአጎዋ እንደምትወጣ አስታወቀ፤ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም ወጣች። ከፓርኩ ዋና መሥራቾች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ወዲያው ሥራውን እንደሚዘጋ ገለጠ። ስለ ጦርነቱ ጥፋትና ስለ ማዕቀቡ ተገቢነት መከራከር ይቻላል፤ በእኛም መካከል ብዙ ተከራክረንበታል። ከዚህ ጥያቄ አንጻር የሚታየኝ ግን አንድ ነው። በዚያ ውሳኔ በቀጥታ ሥራቸውን ያጡት ሴቶች በዋሽንግተንም፣ በአዲስ አበባም፣ በሐዋሳም አንድም ወንበር አልነበራቸውም። ዘንድሮ «በየእርከኑ ምክክርን ማጠናከር» ሲባል የሚታሰበው በየእርከኑ አንድ አንድ ኮሚቴ ማቆም ከሆነ፣ ኮሚቴ የሌለበት እርከን አልነበረም፤ ያልነበረው ውሳኔው ከሚሰጥበት እርከን ጋር የሠራተኛዋን ድምፅ የሚያገናኝ ገመድ ነው።

እርከኖቹ በሚገባ በተደራጁበት በአውሮፓ እንኳ ገመዱ እንዴት እንደሚበጠስ አይተናል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ተወካዮች በአውሮፓ ደረጃ ሲስማሙ ስምምነታቸው የኅብረቱ ሕግ እንዲሆን መጠየቅ ይችላሉ። በ2015 የማዕከላዊ መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችና አሠሪዎች መረጃ ስለ ማግኘትና ስለ መመካከር መብት ተስማሙ፤ ኮሚሽኑ ግን በ2018 ለሕግ አላቀርበውም አለ፤ ማኅበሩ ቢከስም የኅብረቱ ፍርድ ቤት በመስከረም 2021 ኮሚሽኑ አልገደድም ማለት ይችላል ሲል ፈረደ። ልብ በሉ፤ ስለ ምክክር የተደረገ ምክክር፣ ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት፣ ከላይ በተቀመጠ አካል ፈቃድ ቀረ። ሠራተኛውና አሠሪው እምቢ የማለት መብት ነበራቸው፤ እሺ ሲሉ የሚያስከብር ግን አጡ።

በአንጻሩ ከመከራ የተወለደ አንድ የተሻለ ምሳሌ አለ። ሚያዝያ 24 ቀን 2013 በዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹም መግባት ፈርተው ነበር፤ ግቡ ተብለው ገቡ። እምቢ ማለት አለመቻል ትክክለኛ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ቁጥሩ ይኸው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በግንቦት ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራትና የልብስ ኩባንያዎች ስለ ሕንጻዎች ደኅንነት አንድ ስምምነት ፈረሙ። ይህ ስምምነት ከቀደሙት የመልካም ፈቃድ መግለጫዎች የተለየው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢ ራሱ ፈራሚ ሆነ፤ በአማላጅ መነጋገር ቀረ። ሁለተኛ፣ ቃሉን ያልጠበቀ በግልግል ዳኝነት ይጠየቅ ነበር፤ በ2018 አንድ ኩባንያ በዚህ መንገድ ተከሶ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። አደገኛ ሕንጻ ውስጥ አልገባም የማለት መብትም በስምምነቱ ተጽፏል። የባንግላዴሽ ሠራተኛ ችግር በዚህ ተፈታ የሚል የለም፤ ደመወዙ በስምምነቱ ውስጥ አልነበረምና። ነገር ግን ወሳኙን ፈልጎ ወደ ጠረጴዛው ማምጣትና እምቢታን በውል መጻፍ የሚቻል መሆኑ ታየ።

በሌላ በኩል ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው የእኅቶቻችን ጉዳይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በየቤቱ የምትሠራው ኢትዮጵያዊት የምትኖርበት ሥርዓት ከፋላ ይባላል፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ የታሰረ ነው። አሠሪዋን እምቢ ማለት አገሩን እምቢ ማለት ይሆንባታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ን አጽድቋል፤ መንግሥታትም እርስ በርሳቸው የሁለትዮሽ ውል ይፈራረማሉ። በእነዚህ ውሎች ላይ ላኪ መንግሥት አለ፣ ተቀባይ መንግሥት አለ፣ ከበስተጀርባም ኤጀንሲዎች አሉ፤ ሠራተኛዋ ግን የውሉ ርእስ እንጂ ተዋዋይ አይደለችም። በ2013 መገባደጃ ሳዑዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺሕ የሚበልጡ ወገኖቻችንን በጥቂት ወራት ስታባርር የጠየቃቸው አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የአገራችን መንግሥት ለሥራ መውጣትን ሲያግድም የጠየቃቸው አልነበረም። በጥር 2015 በቤይሩት የልዩ ልዩ አገር የቤት ሠራተኞች፣ የእኛም እኅቶች ጭምር፣ ተሰብስበው ማኅበር ሲመሠርቱ የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር ዕውቅና ነፈጋቸው። ስለ እነርሱ መናገር ለሁሉም ተፈቅዷል፤ የተከለከለው ራሳቸው መናገራቸው ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሳልመልሰው ባልፍ ነውር ይሆናል። ይኸውም፣ በድኻ አገር እምቢ የማለት መብት የጠገቡ ሰዎች መብት ነው፤ ፋብሪካ የገባችው ልጅ እምቢ ስትል ባለ ሀብቱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ በር ላይ ሥራ ፈልጋ የቆመችው ሌላዋ ልጅም ትጎዳለች የሚል ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ። የሠራተኛ ማኅበር በሥራ ላይ ያሉትን ጠብቆ ሥራ አጡን ሊረሳ ይችላል፤ ብዙ አገር ረስቷል። የቀን ሠራተኛው፣ ጉሊት የምትሸጠው፣ በዘመዷ ቤት ያለ ደመወዝ የምታገለግለው፣ እነዚህን በጠረጴዛው ዙሪያ የሚወክል የለም። ነገር ግን የክርክሩ መደምደሚያ ከመነሻው አይከተልም። በር ላይ የቆመችው ልጅ መራቧ የገባችው ዝም እንድትል ማስረጃ ከሆነ፣ ረኃብ ራሱ የአሠሪው ወኪል ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። መንግሥትም ሦስተኛ ወገን ሆኖ የሚቀመጥበት ምክንያት ካለው ምክንያቱ ይህ ነው፤ ከሁለቱም ይልቅ በር ላይ ላለችው ሊናገርላት። የአገሩን ልጆች ጉልበት ርካሽነት ለባለ ሀብት ማስታወቂያ ያደረገ መንግሥት ግን ይህን ወንበር ለቆ ወደ አሠሪው ጎን ዞሯል። በሐዋሳ የታየውም የርካሽ ደመወዝ ውጤት ያ የማያቋርጥ የሠራተኛ መፍለስ ነው፤ ለባለ ሀብቱም አልበጀው።

እኔ ባለሁበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ማለት የሚያስተምሩና የሚመራመሩ፣ ማኅበር አቋቁመዋል። በ2016 የፌዴራሉ የሥራ ግንኙነት ቦርድ እንደዚህ ያሉ ተማሪዎች በግል ዩኒቨርሲቲዎችም ሠራተኞች ናቸው ብሎ ወስኗልና መብቱ የታወቀ ነው። ስለ አድማ ድምፅ ለመስጠት በተሰበሰብንበት ምሽት አዳራሹ ውስጥ ያየሁት ክፍፍል የሐሳብ ክፍፍል አልነበረም። የአገሩ ተወላጆች ቆመው ይናገሩ ነበር፤ እኛ በተማሪ ቪዛ ያለነው፣ ሕንዱም፣ ኢራናዊቷም፣ እኔም፣ ወደ ኋላ ተቀምጠን ስለ ቪዛው ደንብ በሹክሹክታ እንጠያየቅ ነበር። ሕጉ ለሁላችን አንድ ነው። በመጨረሻ ማኅበሩ የቪዛን ጉዳይ ከደመወዝ አስቀድሞ በመደራደሪያ ነጥቦቹ ውስጥ አስገባ፤ ጠበቃም አቆመ። በተከታዩ ስብሰባ ከኋላ ወንበሮች የመጀመሪያው እጅ ተነሣ። ማንም ስለ ምክክር አላሠለጠነንም ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መንግሥት፣ ሠራተኞችና ሌሎች የሚመለከታቸው የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ ዝቅተኛውንም ደመወዝ እያጠና ያሻሽላል ብሎ ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላም በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልተወሰነም ነበር። ቦርዱ በሚሰበሰብበት ቀን ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች የወንበሮቹ ቁጥር ላይ የሚያበቁ አይደሉም። የሠራተኞቹ ወኪል ከስብሰባው ወጥቶ ቢሄድ ምን ይደርስበታል? ዋጋ ቆራጩ የውጭ ገዢ በምን መንገድ ይጠየቃል? ክልሎችስ በየራሳቸው ባለ ሀብት ለመሳብ ሲሽቀዳደሙ ወለሉን ከሥር እንዳይቦረቡሩት የሚከለክላቸው ምንድን ነው? ሌላም አለ። ስብሰባው በአማርኛ ይካሄዳል፤ የባለሙያዎቹ ጥናት በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ወለሉ የሚወሰንላት ልጅ ግን የምታስበው በሲዳምኛ ነው። ቃለ ጉባኤው ተተርጉሞ ወደ ሐዋሳ ይላክላት ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን የእርሷን ቃል የሚተረጉም ሰው በቦርዱ በጀት ውስጥ ተይዟልን?